የዱባ አጠውልግ በሽታ፤ በአጥቢያ ጓሮ የሚደረግ መከላከልና እንክብካቤ

በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የጓሮ ልማት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ቀሎ የሚጀመረው ተክል ዱባ ነው። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ እንቅብ የተብላላ ፍግ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ዘርና የክረምቱ ዝናብ ይበቃዋል። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ የተተከለው በጥቅምትና በኅዳር ይደርሳል፤ በሚገባ የበሰለውም በደረቅና ነፋሻ ቦታ ቢቀመጥ ወራት ስለሚቆይ ለዐቢይ ጾም ይተርፋል። አቅመ ደካሞችን ለሚመግብ ሰበካ ጉባኤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዘሩም ገንዘብ አያስወጣም። ከአንድ ፍሬ ውስጥ ከመቶ የሚበልጥ ዘር ስለሚወጣ ደብሩ ለራሱ ተክሎ የተረፈውን ለምእመናን ያድላል።

ከዚህ በጎ ልማድ ጋር ግን አንድ አደጋ አብሮ ይሄዳል፤ የዚህ ትምህርታዊ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። ዱባን ከሚያጠወልጉት በሽታዎች መካከል አንዱና ዋነኛው በራሱ በዘሩ ላይ ተሳፍሮ ይጓዛል። ስለዚህ ደብሩ ባላወቀው መንገድ ዘሩን ሲያድል በሽታውንም በየቤቱ ሊያድል ይችላል። አንድ ቤተሰብ በራሱ ጓሮ የተበላሸ ዘር ቢተክል ጉዳቱ በዚያው ቤት ይቀራል፤ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ዘር ግን ማንም ሳይጠራጠር ተቀብሎ ይተክለዋል፤ ለጎረቤቱም ያካፍለዋል።

በየልማት ኮሚቴው ዘንድ የተለመደው ጥያቄ «ዱባችን ለምልሞ ሳለ በአንድ ሳምንት ጠውልጎ ደረቀ፤ ምን መድኃኒት እንርጭበት?» የሚል ነው። መልሱን ከመጀመሪያው እንናገረዋለን፤ አንድ ጊዜ የጠወለገውን ዱባ ተረጭቶበት የሚያድን መድኃኒት የለም። ሕክምናው ያለው የታመመው ተክል በሚነቀልበት፣ ቦታው በሚያርፍበትና ዘሩ በሚመረጥበት ሥራ ላይ ነው። ይህም ሥራ ገንዘብ የሚያስወጣው ጥቂት፣ ትዕግሥት የሚጠይቀው ግን ብዙ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

አጠውልግ ሲባል በተለይ በደቡብ ያሉ አንባቢዎቻችን አስቀድመው የሚያስቡት የእንሰትን በሽታ ይሆናል። የእንሰቱ አጠውልግ የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. በአገራችን ተጠንቶ በሳይንስ ተመዝግቧል። አሁን የምንነጋገርበት የዱባ አጠውልግ ግን ከፈንገስ የሚመጣ ነው። ፈንገስ የሚባለው እንጀራ ሲሰነብት በላዩ ከሚበቅለው ሻጋታ ጋር የሚዛመድ ፍጥረት ሲሆን፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ዘሮች አሉት። እነዚህም በአፈር፣ በውኃ፣ በዶማ፣ በጫማና በተክሉ ዘር ላይ ሆነው ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳሉ። በሁለቱ በሽታዎች መካከል የተፈጥሮ ልዩነት ቢኖርም፣ እንሰት አምራቾች ቢላዋቸውን ሳያጸዱ ከታመመው ወደ ጤነኛው ባለመሄድ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ለዱባም የሚጠቅም መሆኑን እግረ መንገዳችንን እንጠቁማለን።

ዱባን በዋናነት የሚያጠቃው ፈንገስ ፉዛሪየም ሶላኒ ይባላል። ዱባንና ዘመዶቹን የሚያጠቃው ወገኑ በመጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ታይቷል። ይህ ፈንገስ የሚይዘው የተክሉን አንገት ነው፤ አንገት ስንልም ግንዱ ከአፈር የሚወጣበትን ቦታ ማለታችን ነው። በመጀመሪያ ቆዳው ውኃ እንደ ነካው ይርሳል፤ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያም ይበሰብሳል። ብስባሴው አንገቱን ዙሪያውን ሲከበው ከሥር የሚወጣው ውኃ ወደ ቅጠሉ መድረሱ ይቋረጣል። ስለዚህ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ በጥም እንደ ተያዘ ይጠወልጋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ውኃ አነሰው» ብሎ ያጠጣዋል፤ ያ ውኃም ፈንገሱን ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ያደርሰዋል።

ሌሎችም አጠውላጊዎች አሉ። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረምና ቨርቲሲሊየም የሚባሉት በሥር በኩል ገብተው ግንዱ ውስጥ ያለውን የውኃ መተላለፊያ ይደፍናሉ። ፋይቶፍቶራ የሚባለው ደግሞ ሊቃውንቱ ከእውነተኛው ፈንገስ ለይተው የሚቆጥሩት፣ ውኃ በተኛበት ቦታ የሚበረታ ፈንገስ መሰል ፍጥረት ሲሆን፣ በርበሬንና ቲማቲምንም ያጠቃል። ከዝናብ በኋላ በጓሮው ዝቅተኛ ቦታ ያሉት ዱባዎች ብቻ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በአንድነት ከወደቁ መጠርጠር ያለበት እርሱ ነው።

ስለ ዝምድና አንድ ነገር እንጨምር። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባላል። ለፉዛሪየም ሶላኒ ግን ዱባም፣ ቅልም፣ ዝኩኒም፣ ኪያርም፣ ሐብሐብም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁሉንም ሊይዝ ይችላል። በአንጻሩ የሐብሐብ አጠውልግ የሚባለው የፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ወገን ሐብሐብን እየመረጠ የሚያጠቃ ሲሆን ዱባ ይቋቋመዋል። ከዚህም የተነሣ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሐብሐብን በዱባ ሥር ላይ እያዳቀሉ ያመርታሉ። እንግዲህ የጎረቤት ሐብሐብ ጠወለገ ተብሎ ዱባን መንቀል አይገባም፤ ዱባ በታመመበት ቦታ ግን ቅልም ሆነ ዝኩኒ መተካት ስሕተት ነው።

በሽታውን ከሌላው መለየት

የመጀመሪያው ምርመራ በማለዳ የሚደረግ ነው። የዱባ ቅጠል ሰፊ በመሆኑ በቀትር ፀሐይ መጠውለጉ የተለመደ ነው፤ ጤነኛው ወደ ማታ ቀና ይላል፣ ሲነጋም ለምልሞ ይገኛል። ጠዋት ከፀሐይ መውጣት በፊት ጠውልጎ የሚገኘው ነው ሕመምተኛው። ስለዚህ ኮሚቴው ጓሮውን ከቅዳሴ በኋላ በረፋድ ብቻ የሚጎበኝ ከሆነ ጤነኛውንና ታማሚውን ሊለይ አይችልም፤ ኪዳን ለማድረስ በማለዳ ከሚመጡት ካህናትና ዲያቆናት አንዱ በሳምንት ሁለት ቀን ዞር ብሎ ቢያየው ይበቃል።

ሁለተኛው ምርመራ የሚደረገው በአንገቱ ላይ ነው። በማለዳ ጠውልጎ የተገኘውን ተክል አፈሩን በጥንቃቄ ገለጥ አድርጎ አንገቱን መመልከት ያስፈልጋል። ቡናማና የበሰበሰ ከሆነ፣ ሲጎትቱት በዚያው በአንገቱ በኩል በቀላሉ የሚቆረጥ ከሆነ፣ በእርጥብ ወቅትም ነጭ ወይም ሐምራዊነት ያለው ሻጋታ ከታየበት ፉዛሪየም ሶላኒ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። አንገቱ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ግንዱን በቁመቱ ሰንጥቆ ማየት ነው። ከቆዳው ሥር እንደ ክር የተዘረጋ ቡናማ መሥመር ካለ የውኃ መተላለፊያውን ከሚደፍኑት አንዱ ነው። በዚህ ዓይነቱ በሽታ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠወልገው አንዱ ሐረግ ወይም አንዱ ወገን ሲሆን፣ የታችኞቹም ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ይሆናሉ። (ሐረግ የሚለውን ቃል ካህናት አባቶች በብራና መጻሕፍት ራስጌ ከሚሳለው ጌጥ ያውቁታል፤ ስሙ የመጣው እንዲህ ካለው ተጠማዛዥ ተክል ነው።)

አሁን ደግሞ ስለ ትል እንናገር። በነነዌ ጾም የሚነበበውን የዮናስን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያቺን ቅል ያስታውሳታል፤ በአንድ ሌሊት በቅላ ትል መትቷት ደረቀች። ገበሬውም ዱባው ሲደርቅበት አስቀድሞ የሚፈልገው ትል ነው፤ ግንዱን ሲሰነጥቅም ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ነገር ግን በበሰበሰ ግንድ ውስጥ የሚገኝ ትል ሁሉ ገዳዩ አይደለም፤ ከብስባሴው በኋላ የመጣ ተመጋቢ ሊሆን ይችላል። ቆራጭ ትል ወይም ምስጥ ያደረሰው ጉዳት የተቦረቦረ ወይም የተቆረጠ ሆኖ ይታያል፤ አካባቢው ግን አስቀድሞ ያልበሰበሰ ነው። በሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የመሰሉ እባጮች ከታዩ በዓይን የማይታይ የሥር ትል፣ ኔማቶድ የሚባለው አለ። እርሱ ራሱ ተክሉን ከማድከሙም በላይ ሥሩን አቁስሎ ለፈንገሱ በር ይከፍታል።

በቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለውን ነጭ ነገር፣ አመዳይ የሚባለውን፣ ከአጠውልግ ጋር ማምታታት አይገባም። አመዳይም ፈንገስ ነው፤ ነገር ግን በቅጠል ላይ የሚቀር በመሆኑ ስለ እርሱ ተብሎ ተክል አይነቀልም። በዚህ ምክንያት ብዙ ጤነኛ ሥር ያለው ዱባ በከንቱ ይነቀላል።

በመጨረሻም ጥርጣሬው ካልጠራ፣ ከአንገቱ ከፍ ብሎ የተቆረጠ የግንድ ቁራጭ በጥሩ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉ ውኃውን እንዲነካ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይቻላል። ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ በሽታው ከባክቴሪያ እንጂ ከፈንገስ ላይሆን ስለሚችል ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ቀን

አንድ ተክል ብቻ ሲታመም ማንም አይደነግጥም። ሆኖም ሥራው ሁሉ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። ተክሉ ገና ፍሬ አንጠልጥሎ ሳለ መንቀሉ ያሳዝናል፤ «እስኪበስል እንጠብቀው» የሚሉ አባላት እንደሚኖሩም እናውቃለን። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያውን ታማሚ መጠበቅ አይገባም። ከአንዱ ተክል የሚገኘው ሁለትና ሦስት ፍሬ ከቀሩት ሃያና ሠላሳ ተክሎች ጋር አይመዛዘንም።

አነቃቀሉም ሥርዐት አለው። ጤዛው ወይም ዝናቡ ከደረቀ በኋላ ሐረጉን በየቦታው ቆራርጦ በጆንያ ማስገባት፣ አንገቱንና ሥሩን ዙሪያውን ካለው አንድ ሁለት አካፋ አፈር ጋር ማውጣት፣ ጆንያውንም በጓሮው ላይ ሳይጎትቱ ተሸክሞ መውሰድ ይገባል። የተነቀለው ከደረቀ በኋላ ይቃጠላል፤ ማቃጠል በማይቻልበት ቦታ ከጓሮውም ሆነ ከውኃ መውረጃ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ወደ ኮምፖስት ክምር መግባት የለበትም። በየጓሮው የሚዘጋጀው ክምር ፈንገሱን የሚገድል ሙቀት በሁሉም ወገኑ ማግኘቱ የማያስተማምን በመሆኑ በሽታው በፍግ ስም ተመልሶ ይመጣል። ለከብት መስጠቱንም አንመክርም፤ አዛባው መልሶ ወደዚያው ጓሮ የሚገባ ነውና። በተነቀለበት ቦታ ላይ እንጨት ተክሎ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ የምልክቱን ጥቅም ወደ ኋላ እንናገራለን።

በዚያን ቀን ሥራ ላይ የዋለው ዶማና አካፋ ጭቃው በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ብረቱ በእርሱ ይነከራል። በረኪና ብረትን ስለሚበላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅና ማድረቅ ይገባል። ጭቃው ሳይታጠብ በረኪና ማፍሰስ ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚኮተኩቱት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከጤነኛው ወገን ጀምረው በምልክቱ በኩል ይጨርሱ እንጂ በተቃራኒው አይሁን።

በሽታው ብዙ ተክል ከያዘ በኋላ የተደረሰበት እንደ ሆነ ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ ሁሉን መንቀል ምርቱን ሙሉ በሙሉ ማጣት ነውና፣ የደረቁትን አውጥቶ ገና በመጠውለግ ላይ ያሉትንና ፍሬያቸው ለመብሰል የተቃረበውን ማቆየት ይቻል ይሆናል። የዱባ ሐረግ አንጓው አፈር ካገኘ አዲስ ሥር ያወጣል፤ ከአንገቱ ራቅ ብሎ ሁለት ሦስት አንጓ ላይ ንጹሕ አፈር ቢደረግበት ፍሬውን ለማድረስ ጥቂት ሳምንታት ይገኙ ይሆናል። ይህ ጊዜ መግዣ እንጂ ማዳኛ አለመሆኑ ግን ይታወቅ።

በገበያ የሚገኙ ፀረ ፈንገስ ኬሚካሎችን በተመለከተ፣ በቅጠል ላይ የሚረጩት በአንገትና በግንድ ውስጥ ያለውን አይደርሱበትም። ዘር መለወሻ የሆኑት በዘሩ ገጽ ላይ ያለውን ለመከላከል ይረዳሉ፤ እነርሱንም በባለሙያ ምክር ብቻ መጠቀም ይገባል። በመድኃኒት የተለወሰ ዘር ብዙ ጊዜ ቀለም ያለው ነው፤ ፈጽሞ የማይበላ ስለ ሆነ ከምግብ ዕቃ ቤት ርቆ ይቀመጥ።

ከታመመው ጓሮ የተገኘውን ፍሬ መብላት ይቻላልን? በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም። ያልበሰበሰው ፍሬ ተቀቅሎ ይበላል፤ የበሰበሰው ይጣላል። ይሁን እንጂ ፍሬውን እንዳለ ለየቤቱ ማደል አይገባም፤ ወስዳ የከተፈችው እናት መልካሙን ዘር አድርቃ ማስቀመጧ የማይቀር ነውና። እንዲህ ካለው ጓሮ የተሰበሰበው ዱባ በደብሩ ማብሰያ ቤት ተከትፎ ቢበስል፣ ዘሩም እዚያው ተቆልቶ ቢያልቅ የተሻለ ነው።

ቦታውን ማሳረፍና ውኃውን መምራት

ስለ ፉዛሪየም ሶላኒ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ይህ ፈንገስ የሚይዘው ተክል ሲያጣ በአፈር ውስጥ የሚቆየው ከ2 እስከ 3 ዓመት ያህል ነው። የውኃ መተላለፊያ ደፋኞቹ ግን ከዚህ እጅግ የረዘመ ዕድሜ አላቸው፤ ቨርቲሲሊየም ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ምልክት የተደረገበት ቦታ ለ4 ዓመት ዱባና የዱባ ዘመድ ካልተተከለበት ዋነኛው በሽታ በራሱ ጊዜ ይጠፋል ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በቆሎ፣ ገብስ፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢዘራ ይስማማል። ቲማቲም፣ ድንች፣ በርበሬና ደበርጃን ግን ቨርቲሲሊየምን የሚመግቡ ናቸውና የበሽታው ዓይነት በእርግጥ ካልታወቀ መተው ይሻላል።

ትንሽ ጓሮ ላላቸው አጥቢያዎች ቀላሉ ዘዴ ቦታውን በአራት ከፍሎ ዱባን በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ክፍል ማዘዋወር ነው። ክፍፍሉንና ምልክቶቹን በአንድ ወረቀት ነድፎ ከሰበካ ጉባኤው መዝገብ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የኮሚቴ አባላት በየጊዜው ይቀየራሉ፤ ፈንገሱ ግን እዚያው ነው። አዲሱ ኮሚቴ ለምለሙን ባዶ ቦታ አይቶ ዱባ የሚተክለው የቀድሞው ያስቀመጠው ጽሑፍ ስለሌለ ነው። በእረፍቱ ዘመን ከጥራጊ የበቀለ ዱባ ቢገኝ፣ ብቻውን ቆሞ ቢያምርም እንኳ ይነቀላል፤ የዚያ ቤተሰብ የሆነው የምድር እምቧይም በጓሮው ውስጥ እንዲሰፋ አይተው።

ውኃን በተመለከተ፣ የተክሉ አንገት ከአካባቢው ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢሆን ውኃ አይተኛበትም። በበጋ በመስኖ ሲጠጣ ውኃው ከአንገቱ ራቅ ብሎ በዙሪያው በተቆፈረ ቦይ ይሂድ እንጂ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ አይፍሰስ። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናቶቻችን በኮረብታ ላይ የተሠሩ መሆናቸውንም ማስታወስ ይገባል። በክረምት ከደብሩ ጓሮ የሚወርደው ጎርፍ ከታች ባለው የገበሬ ማሳ ላይ ያርፋል፤ ከጓሮው በታች የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ወይም የሣር ክትር ማበጀት ለአፈሩም ለጎረቤትም ይጠቅማል። ፍሬዎቹ መሬት ነክተው እንዳይበሰብሱ ከሥራቸው ደረቅ ገለባ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ማድረግ ደግሞ አያቶቻችን ያስተማሩት ነው፤ ፈንገሱ ወደ ፍሬውና በእርሱም ወደ ዘሩ የሚገባው በዚሁ በሚነካካው ወገን በመሆኑ ልማዱ በሳይንስም የተደገፈ ነው።

የፉዛሪየም ወገን የሆኑ አጠውልጎች ኮምጣጣ አፈር ይስማማቸዋል። በምዕራቡና በደቡቡ ደጋማ አገር አፈሩ ኮምጣጣ መሆኑ በግብርና ባለሙያ ከተረጋገጠ፣ በታዘዘው መጠን ከመትከያው አንድ ሁለት ወር አስቀድሞ ኖራ መጨመር ተክሉንም ያበረታል፤ በሽታውንም ያደክማል። ያልተብላላ ፍግና የበዛ ዩሪያ ግን ተክሉን አለልክ አለስልሰው ለበሽታ ያዘጋጁታል።

ችግኝ የሚያፈሉ አጥቢያዎች የመደባቸውን አፈር በፀሐይ ማንጻት ይችላሉ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእስራኤል አገር ተመራማሪዎች የተስፋፋ ሲሆን፣ አሠራሩ አፈሩን አለስልሶ በውኃ ማራስ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ ጠርዙን በአፈር መቅበርና በበጋው ጠንካራ ፀሐይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማቆየት ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ይህን ያህል አያሞቅም። በቆላና በወይና ደጋ በሚገባ ይሠራል፤ ብርድ በጸናበት ደጋ ግን ውጤቱ ያነሰ ነው።

ዘሩ

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው በዘሩ ላይ ነው። የታመመ ዘር እንደ ጤነኛው ይበቅላል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አሥር ዘር አብቅሎ ዘጠኙ በቀለ ማለት ዘሩ ሕያው መሆኑን እንጂ ከበሽታ ንጹሕ መሆኑን አያሳይም። ንጹሕነቱን ለማወቅ ሃያ ያህል ዘር ከጓሮው ውጭ፣ ዱባ በቅሎበት ከማያውቅ ቦታ በመጣ አፈር በተሞሉ ጣሳዎች ተክሎ ለአንድ ወር ያህል አንገታቸውን መከታተል ያስፈልጋል። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ በአንገቱ ቡናማ ሆኖ ከወደቀ ያ ዘር አይታደልም። ለብዙ ቤተሰብ የተዘጋጀን ዘር እንዲህ አድርጎ ማስቀረት ለኮሚቴው ከባድ ውሳኔ ነው፤ በተለይ ምእመናኑ የሚጠብቁት ከሆነ። ነገር ግን በዚያው በጋ ከሌላ ጤነኛ ቦታ ዘር መለመን ይቻላል፤ የተበከለ ጓሮ ግን 4 ዓመት ያስከፍላል።

ለዘር የሚሆነው ፍሬ መመረጥ ያለበት ገና በማሳው ሳለ ነው። በቤት ከተከመረ በኋላ ትልቁንና ቀዩን መምረጥ የእናቱን ጤንነት አይነግረንም። ተክሉ እስከ መጨረሻው ሳይጠወልግ የቆየ፣ ከአጠገቡም የተነቀለ ታማሚ የሌለበት ይሁን፤ ፍሬውም ቆዳው ጥፍር የማያስገባ፣ በመሬት በኩል ያለው ወገኑ ቁስል የሌለበት ይሁን። እንዲህ ያለው በክር ታስሮበት እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከተቆረጠ በኋላ ጥቂት ሳምንት አርፎ ይሰነጠቃል፤ ዘሩም ታጥቦ በጥላ ሥር፣ በሰሌን ወይም በጨርቅ ላይ ይሰጣል እንጂ በመሬት ላይ አይሰጣም። ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሲሆን ደርቋል።

በዘሩ ላይ ያለው ፈንገስ ዕድሜው ከ1 እስከ 2 ዓመት ነው፤ በሚገባ ደርቆ የተቀመጠ የዱባ ዘር ግን እስከ 4 ዓመት ያህል የመብቀል ኃይሉን ይይዛል። ከዚህ ልዩነት ጥቅም ማግኘት ይቻላል። ደብሩ ዘሩን በመጣበት ዓመት ከመትከል ይልቅ አቆይቶ ቢተክል ፈንገሱ ዘሩን ቀድሞ ያልቃል። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር የወጣ ዘር በ2020 ዓ.ም. ሰኔ ይተከላል ማለት ነው። ይህም የሚሆነው ሁልጊዜ የሁለት ዓመት ተቀማጭ ሲኖር ነውና፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከታመነ ቦታ በተገኘ ዘር ማሳለፍ ያስፈልጋል። ዘሩ ከጥቂት የተነፋ አመድ ጋር ተደባልቆ በደረቅ ማሰሮ ወይም ክዳን ባለው ጣሳ፣ እርጥበትና አይጥ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

በየጣሳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሦስት ነገር ይያዝ፤ ዘሩ የወጣበትን ወርና ዓመት፣ ከአራቱ የጓሮ ክፍሎች የትኛው እንደ ሆነ፣ በዚያ ዓመት በዚያ ክፍል የተነቀለ ታማሚ ስለ መኖሩና ስላለመኖሩ። ለምእመናን ሲታደልም ይኸው በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከዘሩ ጋር ይሰጣቸው፤ ተክለው የጠወለገባቸው እንደ ሆነ ሳይነቅሉት ለደብሩ ልማት ክፍል እንዲነግሩም ይጠየቁ። ኮሚቴው ሄዶ አንገቱን አይቶ ከየትኛው ጣሳ እንደ ወጣ ካወቀ፣ ከዚያው ጣሳ የወሰዱትን ሌሎች ቤተሰቦች ገና ዱባቸው ሳይጠወልግ ሊያስጠነቅቃቸው ይችላል።